እጁን ሰቅሎ የቀረው ሰው

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ከወጣሁ ወዲህ እጄ የጻፈው ቢሰበሰብ የባስ ቁጥር፣ የሱቅ ዝርዝርና በየፎርሙ ላይ የሞላሁት የራሴ ስም ነው። አሁን ወረቀት ያስያዙኝ ጋሽ ኑሩ ናቸው። እሳቸው ይህን ታሪክ ታክሲያቸው ውስጥ ለሚሳፈር ሁሉ ያወራሉ፤ ባወሩት ቁጥር ደግሞ ያድጋል። ባለፈው ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው፣ እኔ ገመዱን ዘልዬ የትግል ሪንግ ውስጥ ገብቼ፣ ሰውየውን በሻርፔ አንቄው፣ ያላቀቁን ሦስት ፖሊሶች ናቸው። እኔ እንኳን ገመድ ልዘል ከወንበሬም በደንብ አልተነሳሁም። የሆነው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ሳምንት ሙሉ መብራት ሳላጠፋ ያስተኛኝ ግን ያው ያነሰው ነው።

መጀመሪያ ስለ ድምፄ ልንገራችሁ። የለኝም። አለመናገር አይደለም፤ ስናገር አይሰማም። ባስ ውስጥ መውረጃዬ ሲደርስ ባሱን የሚያስቆመውን ገመድ ብስበው ደወሉ ይጮሃል፣ ሰውም ዞሮ ያየኛል ብዬ ሌላ ሰው እስኪስብ እጠብቃለሁ። በዚህ የተነሳ ዴንቨርን በእግሩ የሚያውቃት እንደኔ የለም። አንድ ጊዜ ካፒቶል ሂል የምንኖርበት አፓርትመንት ሊፍት ውስጥ በሩ አልከፈት ብሎኝ፣ «ሰው የለም ወይ?» ማለት አፍሬ፣ እትዬ ሰዓዳ ልብስ ሊያጥቡ እስኪወርዱ ድረስ አርባ ደቂቃ ቆሜያለሁ። በሩ ሲከፈት «ምነው፣ ሊፍቱን ወደድሽው?» አሉኝ። እትዬ ሰዓዳ የጋሽ ኑሩ ባለቤት ናቸው፤ ከኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት።

ሥራዬ ከዴንቨር አጠገብ አውሮራ ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ምሳ አቀርባለሁ፣ ጠረጴዛ እጠርጋለሁ፣ ዊልቸር እገፋለሁ። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። የትምህርት ወረቀት አልጠየቁኝም፤ ሽማግሌዎቹም እንደኔ ዝም ይላሉ። ተስማምተን እንኖር ነበር። አንድ ቀን ግን ሚስ ኤድና የሚባሉት አሮጊት ምግብ አዳራሹ በር ላይ አንሸራተታቸውና ወደቁ። ነርሶቹ ያሉት ከኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ባለበት ቆሞ ይጮሃል። እኔ ሮጥኩ። ሮጬ ስደርስ ነርሷ ስልክ እያወራች ነበር፤ ማቋረጡ ነውር መስሎኝ እጄን አጣምሬ እስክትጨርስ ጠበቅኋት።

ሚስ ኤድና ምንም አልሆኑም። ስንመለስ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ፀጉራቸውን ሲያበጥሩ አገኘናቸው። አለቃዬ ሻረን ግን ቢሮዋ ጠርታ በሩን ዘጋች።

«ጥሩ ሠራተኛ ነሽ» አለችኝ። «ግን እዚህ ቤት ውስጥ መጮኽ የማይችል ሰው፣ ሰው ያስገድላል። የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ሰኞ፣ እኔ ልብስ ማጠቢያው ክፍል እገባና ሁለቱንም በር እዘጋለሁ። አንቺ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሆነሽ ትጮሂያለሽ። ከሰማሁሽ ሥራሽ ላይ ትቆያለሽ። ካልሰማሁሽ…»

አልጨረሰችውም። ሻረን ደግ ናት፤ መጥፎውን ነገር አትጨርሰውም።

ያን ዕለት ማታ እትዬ ሰዓዳ ቤት ራት ስበላ አለቀስኩ። እንባዬም ድምፅ ስለሌለው ያየኝ የለም፤ ሹርባው ጨው ሲበዛበት ነው ያወቁብኝ። ነገሩን ስነግራቸው ጋሽ ኑሩ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«መጮኽ ነው ያቃተሽ? ወላሂ መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ሬስሊንግ ይዤሽ እሄዳለሁ።»

«ያ ውሸታቸውን የሚደባደቡበት?» አሉ እትዬ ሰዓዳ።

«ውሸት አትበይው ብዬሽ የለም? ታሪክ ነው! አንድ ደግ አለ፣ አንድ ክፉ አለ። ክፉው ይበድላል። ዳኛው ሁልጊዜ በደል ሲፈጸም ፊቱን አዙሮ ሌላ ነገር ያያል…»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ እትዬ ሰዓዳ።

«…ደጉ ይወድቃል። አሁን ማን ያነሳዋል? እኛ! ተመልካቹ! እኛ ካልጮኽን አይነሳም። ጭጭ ካልን እዚያው ተጋድሞ ይቀራል። ያ ሁሉ ሰው ሲጮህ አንቺ ብትጮሂ ማን ያውቅብሻል? ትለማመጂያለሽ። የቀጠሮሽ ሰኞ ሻረንን ታደነቁሪያታለሽ።»

ምክንያቱ ልክ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ምክንያት ልክ ከመሰለኝ የትም እሄዳለሁ።

ጥር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በረዶ እየጣለ ነው የሄድነው። አዳራሹ አውሮራ ውስጥ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ያለ፣ ድሮ ባለአራት ጎማ ጫማ አድርገው የሚንሸራተቱበት፣ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ አሮጌ ቤት ነው። መሀሉ ላይ ሪንጉ፣ ዙሪያውን ታጣፊ ወንበሮች፣ አየሩ ሁሉ ፋንዲሻ ፋንዲሻ ይሸታል። ከኋላ ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ማሞቂያ አለ፤ እሱ በየመሀሉ ሰው በብረት በር እንደሚያንኳኳ ዓይነት ኳ፣ ኳ ይላል። ማንም ልብ አላለውም። እኔ ግን ድምፅ የሌለው ሰው ጆሮ ስለሚበዛለት ገና ስገባ ነው የሰማሁት።

የመጀመሪያዎቹ ግጥሚያዎች ደስ ይላሉ። አንድ ወፍራም ክፉ ማይክሮፎን ይዞ ወጣና «ዴንቨር መጥቼ መተንፈስ አቃተኝ፤ አየሩን የጨረሳችሁት እናንተ ናችሁ!» ብሎ ከተማውን ሰደበ። ሰው አበደ። ክራቫት ያሰረ ሽማግሌ ወንበሩ ላይ ቆሞ ለጆሮ የሚከብድ ነገር ተናገረ። ጋሽ ኑሩ ደግሞ፣ ተሳፋሪ በሩን ቢያጋጭባቸው እንኳ «ምንም አይደል» የሚሉት ጋሽ ኑሩ፣ በአማርኛ «ከኋላህ ነው! ከኋላህ ነው ያለው አንተ ሰውዬ!» እያሉ ይጮሃሉ። የሚገርመው ሰውየው ዞረ።

«አየሽ?» አሉኝ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «ሰማኝ። ጩኺ!»

አፌን ከፈትኩ። ትንሽ አየር ወጣ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ አንቆኝ መስሏት ውኃ ሰጠችኝ።

እንዲህ እየሆንን ሳለ ሙዚቃው ጠፋ።

ሌሎቹ ሁሉ ሲገቡ ሙዚቃ አላቸው። ለዚህኛው ሙዚቃው ይጠፋል። ቀጥሎ ማውራቱ ጠፋ፣ ቀጥሎ የፋንዲሻ መቆርጠሙ፣ ቀጥሎ ሳሉ። አንዲት እናት እቅፏ ውስጥ ያለውን ሕፃን አፍ በመዳፏ ልትሸፍን ስትል ሕፃኑ ራሱ ዝም አለ። ማሞቂያው ሳይቀር አቆመ። ለምን እንዳቆመ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

መጋረጃው ተከፈተና አንድ ረጅም ሰው ወጣ። እስከ መሬት የሚደርስ ግራጫ ካባ ለብሷል። ፊቱ ላይ ግራጫ የጨርቅ ጭምብል አለ፤ ጭምብሉ ሁለት የዓይን ቀዳዳ እንጂ የአፍ ቦታ የለውም። ሲሄድ እግሩ አይሰማም።

«ዝምተኛው ነው» አሉኝ ጋሽ ኑሩ በጆሮዬ። «ትንፍሽ እንዳትዪ። ድምፅ ያሰማውን ሰው ዞሮ ያየዋል። ያየው ሰው ድምፁ ይሄዳል ይላሉ።»

«የት ይሄዳል?»

«እኔ ምን አውቄ። ይሄዳል።»

እኔ እንግዲህ ድምፅ ፍለጋ ነው የመጣሁት።

የተጋጠመው ቢሊ ከሚባል ቀይ ቦት ጫማ ካደረገ ልጅ ጋር ነው። ቢሊ የደጎቹ ሁሉ ደግ ነው፤ ሲገባ አሮጊቶችን ጉንጫቸውን ስሞ ነው የገባው። ዝምተኛው አልቸኮለም። ያዘው፣ አነሳው፣ ጣለው። ሰው በሚጮህበት ጊዜ መውደቅ ጨዋታ ይመስላል። ዝም በተባለበት አዳራሽ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ምት ለብቻው ይሰማል፤ ከዚያ ትንፋሹ ይሰማል፤ ከዚያ ምንም አይሰማም። ቢሊ ተንበርክኮ እጁን ወደኛ ዘረጋ።

«አሁን አንድ ሰው ይጮሃል» አሉ ጋሽ ኑሩ። «ሁልጊዜ አንድ ሰው ይደፍራል። ከዚያ ሁላችንም እንጮሃለን፣ ቢሊ ይነሳል።»

ጠበቅን። ማንም አልደፈረም። ዝምተኛው ቢሊን እንደገና አነሳው፣ ጣለው። ማንም። እንደገና። ጋሽ ኑሩን አየኋቸው፤ ፊታቸው ተለውጧል።

«ምነው?» አልኳቸው።

«እንጃ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

ዝምተኛው ጭምብሉን ወደ ሦስተኛው ረድፍ አዞረ። እዚያ አንድ ባዶ ወንበር አለ። ባዶውን ወንበር ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ ቢሊ ተመለሰ። ቢሊ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኑ እኛን ይለምናል። ይሄ የውሸት አልመሰለኝም። ዝምተኛው ቀኝ እጁን ቀስ ብሎ ወደ ጣራው ሰቀለ።

እኔ ባደግሁበት ሰፈር ሰው ሲደባደብ ቁጭ ብሎ የሚያይ የለም። ሥራ የረፈደበትም፣ የታመመም፣ ከሁለቱም የተጣላም ቢሆን ገብቶ ይገላግላል። እናቴ ጉልት ነበር የምትሸጠው፤ ድምፄን የወረስኩት ከሷ ነው፤ ቲማቲም «ስንት ነው?» ሲሏት በጣቷ ነበር የምትመልሰው። ግን ሁለት ወንዶች ዱላ የተማዘዙ ቀን ከቲማቲሙ ኋላ ብድግ ትልና አንድ ነገር ትላለች። ዱላው አየር ላይ ይቀራል። ያን ቃል ሰምቶ የሚማታ ሰው ሕግ ጥሷል ማለት ነውና ማንም አይደፍርም።

«በሕግ አምላክ!»

ማን ነው ብዬ ዞርኩ። ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚያየው።

ድምፁ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ መጣ። የሴት ድምፅ ነው። ከኔ ነው የወጣው። የመጣበትን ቦታ ግን አላውቀውም።

ዝምተኛውም ዞረ። እጁን እንደሰቀለ ዞረና እነዚያን ሁለት ቀዳዳዎች እኔ ላይ ተከለ። እጁን አላወረደም። አልተንቀሳቀሰም። ትንፋሹ እንኳ የቆመ መሰለኝ።

«ቆመ» አሉ ጋሽ ኑሩ። «ያ አላህ! ሕጉ እዚህም ይሠራል!»

አንድ ደቂቃ ሆነ። ዳኛው ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ሰዓቱን አየ።

«ልቀቂው እንጂ» አሉኝ ጋሽ ኑሩ።

«እንዴት ነው የሚለቀቀው?»

«አንቺ አይደለሽ ያስቆምሽው? ለቅቄሃለሁ እስክትይው መቆሙ ነው። ወይ ዳኛ ፊት ይቅረብ።»

«ዳኛው ይኸው አጠገቡ ነው እኮ።»

«ይሄኛው ዳኛ አይቆጠርም።»

ለቅቄሃለሁ ልል አፌን ከፈትኩ። የለም። አንዱ ቃል ወጥቶ በሩን ከውጭ ቆልፎታል። ቢሊ ቀስ ብሎ ተነሳ። የተሰቀለውን እጅ አየ፣ ጭንቅላቱን አከከ፣ በአንድ ጣቱ የዝምተኛውን ደረት ገፋ አደረገው። ዝምተኛው እንደ ሳንቃ በጀርባው ወደቀ፤ እጁ ግን እንደተሰቀለ ነው። ቢሊ ላዩ ላይ ተኛበት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተቆጠረ። ያን ጊዜ አዳራሹ ፈነዳ። የኔን ቃል እያበላሹ በእግራቸው ወለሉን እየመቱ «ቤሄ-ጋም-ላ! ቤሄ-ጋም-ላ!» አሉ። ዝምተኛው ተነስቶ ወደ ኋላው እየተራመደ፣ ዓይኑን ከኔ ሳይነቅል ሄደ። መጋረጃው ጋ ሲደርስ እጁ አላሳልፍ አለው። ጎንበስ ብሎ ገባ እንጂ አላወረደውም።

ጋሽ ኑሩ ታክሲውን ፓርክ ያደረጉት ከአዳራሹ ጀርባ ነው። ስንወጣ ቀኑ ገና አልጨለመም፤ ሰማዩም መሬቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኗል። ቁልፋቸውን ሲፈልጉ እኔ ወደ ቆሻሻ መጣያው አየሁ። ከጎኑ ካባ የለበሰ ሰው ፊቱን ወደኛ አድርጎ ቆሟል። ቀኝ እጁ ተሰቅሏል። መዳፉ ላይ በረዶ ተከምሯል።

መኪናው ውስጥ ገብተን በሩን ቆለፍን።

«አየሽ እንዴ?» አሉኝ ጋሽ ኑሩ ኮልፋክስ ላይ ስንደርስ።

«አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም» አሉና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት።

እሑድ ጠዋት ስነሳ ድምፄ የለም። ያችው የነበረችኝም የለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው በሙሉ እጁን ሰቀለ። መብራት ላይ የቆመው ትራፊክ ፖሊስ እጁን ሰቅሏል። ባስ የሚያስቆመው ሰው እጁን ሰቅሏል። የሰፈራችን ዛፍ በረዶ ከብዶት አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ወደ ላይ ቀርቶታል፤ በዚያ በኩል ማለፍ ትቼ በሌላ መንገድ ዞሬ መሄድ ጀመርኩ። ማክሰኞ ባስ ውስጥ ከኋላዬ አንድ ሰው በሹክሹክታ «ቤሄጋምላ» አለ። ዞርኩ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። ሐሙስ ምድር ቤት ልብስ ላጥብ ስወርድ ማንም የለም፤ የአንዱ ማድረቂያ ማሽን መስኮት ውስጥ ግራጫ ጨርቅ ይሽከረከራል። እያየሁት አንድ እጅጌ ወጣና መስታወቱን መታ አድርጎ ተመለሰ። ልብሴን ጥዬ በደረጃ ስድስት ፎቅ ሮጥኩ። ለካ የእትዬ ሰዓዳ ጋቢና የጋሽ ኑሩ ሹራብ ነው። አርብ ጠዋት እትዬ ሰዓዳ ጥዬ የሮጥኩትን ልብሴን አጣጥፈው ሲያመጡልኝ «ሊፍቱ ሰለቸሽ?» አሉኝ።

በምልክትና ወረቀት ላይ በሣልኩት ሥዕል ነገርኳቸው፤ ሰውየው በኔ ምክንያት የሆነ ቦታ እጁን ሰቅሎ ቆሟል፤ እስክለቀው ድረስ ድምፄን ይዞብኛል፤ ሰኞ ደግሞ ሻረን በሩን ትዘጋለች። ጋሽ ኑሩ ሳይስቁ ሰሙኝ።

«እኔም እንቅልፍ አጣሁ» አሉ። «ስድስት ቀን እጁ ተሰቅሎ ይደርቃል እኮ።»

«ሁለታችሁም አብዳችኋል» አሉ እትዬ ሰዓዳ። «ነገ ሂዱና ልቀቁት። ሰው አስሮ ሥራ መግባትስ አለ?»

ቅዳሜ እንደገና በረዶ እየጣለ ሄድን። ቲኬት የምትቆርጠው ሴትዮ ገና ስታየኝ ከመስኮቷ ልትወጣ ምንም አልቀራት። «ቤሄጋምላ! እንኳን መጣሽ! ያለፈው ቅዳሜ አዳንሽን!» ለካ በየሳምንቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ጩኸቱን የምታስጀምር የራሳቸው ሰው አለች። ያን ቀን በረዶው ሊትልተን ቤቷ አስቀርቷታል። ሁለቱ ተጋጣሚዎች ሪንግ ላይ ሆነው ሰው እስኪጮህ ይጠብቃሉ፤ ሕዝቡ ደግሞ በጣም ጎበዝ ተመልካች ስለነበረ እስከ መጨረሻው ዝም ብሎላቸዋል።

ጋሽ ኑሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰውየው ከትግሉ በኋላ በረዶ ላይ ብዙ ቆመ? ከኋላ፣ ቆሻሻው ጋ?»

«ማን? ዝምተኛው? ኧረ እሱ ጉንፋን ይዞት ስለነበር ገና ሕዝቡ እየጮኸ በፊት ለፊት በር ወጥቶ ወደ ቤቱ ነው የሄደው። ከናንተ በፊት።»

ጋሽ ኑሩ አዩኝ። እኔም አየኋቸው።

«አላየንም ብለናል» አሉ። «አላየንም።»

አዳራሹ ጢም ብሏል። የጋሽ ኑሩ ጓደኞች ከኤርፖርቱ ታክሲ ተራ ሁለት ረድፍ ሞልተው መጥተዋል። ሙዚቃው ጠፋ። ማውራቱ፣ ፋንዲሻው፣ ሳሉ፣ ማሞቂያው። መጋረጃው ተከፈተና ዝምተኛው ጎንበስ ብሎ ወጣ። ቀና ሲል እጁ እንደተሰቀለ ነው። ያን ጊዜ፣ ማንም ምንም ሳይል፣ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቀኝ እጁን ሰቀለ። ባለክራቫቱ ሽማግሌ፣ ውኃ የሰጠችኝ ሴትዮ፣ ሕፃን ያቀፈችው እናት። ጫካ መሀል የተቀመጥኩ መሰለኝ። ዞር ብል ጋሽ ኑሩም ሰቅለዋል።

«ጋሽ ኑሩ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ለማለት ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ።

«እኔ አይደለሁም» አሉ በሹክሹክታ። «ራሱ ነው የወጣው።»

ዝምተኛው ወደ ሪንጉ አልሄደም። በረድፎቹ መሀል መጣና ፊቴ ቆመ። ሳምንት ሙሉ ጠፍታብኝ የነበረችው ድምፄ እንደ ክር ቀጥና ወጣችና «ለቅቄሃለሁ» አልኩት። አልተንቀሳቀሰም። ያ ሁሉ እጅ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ጭምብሉን ጆሮዬ ጋ አደረገው። አፍ የሌለው ጨርቅ በትንፋሽ ገባ፣ ወጣ። የሳል ከረሜላ ይሸታል። አንድ ነገር አለኝ።

እኔም ጮህኩ። «ለቀቅኩህ!»

እጁ ወደቀ። የሁሉም ሰው እጅ አብሮ ወደቀ፤ ድምፁ ብዙ ርግብ አንድ ጣራ ላይ ሲያርፍ ዓይነት ነው። ጋሽ ኑሩ ትከሻቸውን እያሹ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔም እፎይ አልኩ። ግን ያላሰብኩት ነገር ነበር። ዝምተኛው ክፉ ነው። የተለቀቀ ክፉ። ዞሮ ሪንግ ላይ ወጣ፣ እየሳቀ የሚጠብቀውን ቢሊን በዚያች ባረፈች እጁ አንዴ መታው፣ አበቃ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ከዚያ ያ ሁሉ ሕዝብ ወደኔ ዞረ። «ቡ!» አለ። ቢሊ ጉንጫቸውን የሚስማቸው አሮጊት ፋንዲሻ ወረወሩብኝ። አንዱ «ለምን ለቀቅሽው!» እያለ ወንበሩን ይደበድባል። ባጠገቤ ደግሞ አንድ የማውቀው ድምፅ ከሁሉም በልጦ «ቡ!» ይላል።

«ጋሽ ኑሩ!»

«ይቅርታ» አሉ፣ እጃቸውን ከአፋቸው አንስተው። «ታሪኩ ነው፤ ያዘኝ።»

ሰኞ ሻረን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባች። የመጀመሪያው በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ ሁለተኛው ሲዘጋ ሰማሁ። ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ሾርባ ይጠጣሉ። ሚስ ኤድና ዳቦ ይቆርሳሉ። መጀመሪያ «ሻረን» አልኩ። ከአጠገቤ ያሉት እንኳ ቀና አላሉም። ያን ጊዜ በቀኝ ጆሮዬ የሳል ከረሜላ ሸተተኝ፤ ዞር አልኩ፣ ማንም የለም። ግን የነገረኝን አስታወስኩና እንዳለኝ አደረግኩ።

«በሕግ አምላክ!»

ማንኪያ ሁሉ አየር ላይ ቀረ። ሚስ ኤድና ዳቧቸውን ይዘው ቀሩ። ወጥ ቤት ውስጥ የሚንቋቋው ሰሃን ቆመ። ከሩቅ አንድ በር ተከፈተ፣ ሌላው በር ተከፈተ፣ ሻረን ፎጣ በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች።

«ሰማሁሽ» አለች እያለከለከች። «ደረቴ ውስጥ ነው የሰማሁሽ። ምን ማለት ነው?»

ወደ ጠረጴዛዎቹ ዞርኩ። ሽማግሌዎቹ ማንኪያቸውን እንደያዙ እኔን ያያሉ፤ አንዳቸውም አልዋጡም። አሁን ግን ልምዱ ስላለኝ «ለቀቅኳችሁ! ብሉ!» አልኩ፣ በሉ። ያው እስከ ዛሬ ሥራዬ ላይ አለሁ። የባሱን ገመድ ግን አሁንም ሌላ ሰው ነው የሚስበው።

የትግሉ አዳራሽ በዚያው ዓመት ተዘጋ፤ የሶፋ መደብር ሆነ። ዝምተኛው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ቲኬት ትቆርጥ የነበረችውን ሴትዮ አንድ ቀን ባስ ላይ አግኝቻት ስጠይቃት፣ ሲናገር ያየችው እኔን ባናገረኝ ጊዜ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጭምብሉን አድርጎ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ጋሽ ኑሩ ረግሞኝ ነው ብለው ያምናሉ፤ በተሳፈርኩ ቁጥር በመስታወቱ እያዩ «ምን አለሽ?» ይሉኛል። ለእትዬ ሰዓዳ እንኳ አልነገርኩም። ድምፁ የሚያስፈራ አልነበረም፤ ያረጀ፣ የደከመና ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ነው። እንዲህ ነው ያለኝ፦

«ጮክ በይ፣ ልጄ። ከኋላ የተቀመጡትም እኮ በዚህ በረዶ ነው የመጡት።»